በማረሚያ ቤትና በፖሊስ ማረፊያ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሽፋንን ከፍ ማድረጊያ መመሪያ

ይህ መመሪያ በመሀል አዲስ አበባ፣ በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች የፖሊስ ማረፊያዎችን ለሚያዩ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችና ከእነዚህ ማረፊያዎች ሰው ለሚቀበሉ የማረሚያ ቤት ክሊኒኮች የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እናስቀምጥ። በመዝገብ ላይ ክትባት ያልወሰደው ሁሉ እምቢ ያለ ይመስላል። ስም በስም ሲጣራ ግን የሚገኘው ሌላ ነው፤ አንዱ ያን ቀን ልደታ ችሎት ቀርቧል፣ አንዱ ወጥ ቤት ተረኛ ነበር፣ አንዱ ዞን ተቀይሯል፣ አንዱን ደግሞ ጨርሶ የጠየቀው ሰው የለም። ሽፋኑ ከፍ የሚለው እነዚህን ሰዎች ፈልጎ በማግኘት ነው። የትምህርት መድረክና ፖስተር ይረዳሉ፤ ነገር ግን ባልተጠየቀ ሰው ላይ ምንም አይሠሩም።

1. ክትባቱን ማግኘትና መጠኑን ማስላት

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በአገራችን መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ ስላልገባ እንደ ኩፍኝ ክትባት ከጤና ጣቢያው ፍሪጅ ተነሥቶ የሚወሰድ አይደለም። በተቋሙ በጀት መገዛት ወይም በድጋፍ መገኘት አለበት፤ ምርቱም በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆን ይኖርበታል። ለጥያቄ ደብዳቤው ድጋፍ የሚሆን ነገር አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአቋም ሰነድ ማረሚያ ቤቶችን የመሳሰሉ ብዙ ሰው ተጨናንቆ የሚኖርባቸውን ቦታዎች ጠቅሷል። የተባበሩት መንግሥታት ስለ እስረኞች አያያዝ ያወጣቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ቁጥር 24 ደግሞ ታራሚ የሚያገኘው ሕክምና ውጭ ካለው ሕዝብ ያነሰ እንዳይሆን ያዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት የክትባቱን ቅንብር፣ ማለትም የትኞቹ የቫይረስ ዝርያዎች እንደሚገቡበት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይወስናል፤ በየካቲት ወር አካባቢ ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ፣ በመስከረም አካባቢ ለደቡቡ። ከምድር ወገብ ብዙ በማይርቅ አገር ቫይረሱ ዓመቱን ሙሉ ስለማይጠፋ በትዕዛዙ ቀን ትኩስ የሆነውንና ረጅም የመጠቀሚያ ጊዜ የቀረውን ምረጡ። የሰሜኑ ቅንብር ገበያ ላይ የሚወጣው ከአዲስ ዓመት ጋር በተቀራረበ ጊዜ ስለሆነ በጥቅምት ጀምሮ እስከ ኅዳር አጋማሽ መጨረስ ለብርዱ ወራት ያደርሳል። ባለሦስት ዝርያ ክትባት ቢደርሳችሁ ጎደለ ብላችሁ አትመልሱ። ቢ/ያማጋታ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. ከማርች 2020 ወዲህ በዓለም ስላልታየ ቀድሞ አራተኛ ሆኖ የሚገባው ይህ ዝርያ እየቀረ ነው።

መጠኑን ስታሰሉ ዛሬ ውስጥ ያለውን ሰው ብቻ አትቁጠሩ። ለምሳሌ 800 ሰው ባለበት፣ በሳምንት 30 አዲስ በሚገባበት፣ 150 ሠራተኛ በሚሠራበት ተቋም የ12 ሳምንት ዕቅድ ይህን ይመስላል፦ 800 ሲደመር 360 ሲደመር 150፣ በድምሩ 1,310። ከዚህ ሰባ በመቶው ይቀበላል ብላችሁ ብታስቡ 917 ዶዝ ነው። አሥር በመቶ ብክነት ሲታከልበት ወደ 1,010 ይጠጋል፤ ባለአሥር ዶዝ ቫያል (የክትባት ብልቃጥ) ከሆነ 101 ቫያል ማለት ነው። ቀድሞ ያለቀበት ተቋም ብዙውን ጊዜ አዲስ ገቢዎችን ረስቷል።

ያገኛችሁት ከዚህ ካነሰ ቅደም ተከተል ይኑር። የክሊኒኩ ባለሙያዎች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያን፣ ከዚያም ስኳር፣ የልብ፣ የሳንባና የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ይቅደሙ። ግን እነዚህን ብቻ ለይታችሁ በስም አትጥሩ፤ ማን ለምን እንደተጠራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዞኑ በሙሉ ያውቀዋል። በመደበኛ የመድኃኒት መውሰጃ ቀጠሯቸው ላይ መስጠት ይሻላል።

2. ስም ዝርዝሩን ማደራጀት

ከአስተዳደሩ የዕለቱን ቆጠራ በዞንና በክፍል ተከፋፍሎ ውሰዱ። በእያንዳንዱ ስም ፊት ከሚከተሉት አንድ ምልክት ብቻ ይግባ፦

ተ — ተከተበ
አ — አልተገኘም (ችሎት፣ ሥራ፣ ሆስፒታል፣ ዝውውር)
ላ — ላስብበት አለ
እ — እምቢ አለ
ሕ — በሕክምና ምክንያት ተላለፈ

ሥራውን የሚሸከመው ይህ ሠንጠረዥ ነው። «አ» እና «እ» አንድ ዓምድ ውስጥ ሲደባለቁ ቡድኑ ሰዎቹ አይፈልጉም ብሎ ይደመድማል፣ ተመልሶም አይሄድም። «አ» የተባለ ሰው እስኪገኝ ይፈለጋል። «ላ» ያለው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጠየቃል። «እ» ያለው በወቅቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ ይጠየቃል፣ ከዚያ ይተዋል። በእስር ያለን ሰው በየሳምንቱ መጠየቅ ፈቃድ መጠየቅ መሆኑ ቀርቶ ጫና ይሆናል።

3. ቀኑንና ሰዓቱን መምረጥ

ችሎት ያላቸው ሰዎች በጠዋት ይወጣሉ፣ የሚመለሱትም ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ ያዙ። ዋናው ከጠዋት ቆጠራ በኋላ ከ3 እስከ 6 ሰዓት፣ አጭሩ ከ10 ሰዓት እስከ ማታ ቆጠራ ድረስ ይሁን። አጭሯ ሰዓት ትንሽ ትመስላለች፤ «አ» የሚለውን ምልክት ከሠንጠረዡ የምታጸዳው ግን እሷ ናት። የጠያቂ ሰዓትን አትንኩ። ከቤተሰቡና ከክትባት አንዱን እንዲመርጥ የተገደደ ሰው ቤተሰቡን ይመርጣል፤ ልክም ነው።

የበዓል ዋዜማና ይቅርታ የሚጠበቅበት ሰሞን አይመችም። ሰው ልቡ ዝርዝሩ ላይ ነው፤ መከተብም ሆነ አለመከተብ ስሙን ከይቅርታው ጋር የሚያገናኘው ይመስለዋል። በጾም ወራት ግን መሥራት ይቻላል። ነገሩን አስቀድማችሁ ለግቢው የእምነት አባቶችና ለኢማሞች አስረዱና ራሳቸው ለምእመኖቻቸው ይንገሩ።

4. ፈቃድ፣ ወሬና የአጠያየቅ ዘዴ

የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ክትባት አይቀስቅስ። አጃቢው በር ላይ፣ የሚያይ ግን የማይሰማ ርቀት ላይ ይቁም። ክትባቱ ከአመክሮ፣ ከይቅርታ፣ ከክፍል ምደባ ወይም ከጉብኝት ጋር እንደማይያያዝ አስተዳደሩ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ወረቀቱም በየዞኑ ይለጠፍ። ሽልማትም አይሰጥ። ሳሙና ለተከተበ ብቻ የሚታደል ከሆነ ሳሙና የሌለው ሰው ፈቃዱን ሰጠ ማለት ይከብዳል።

ከሳምንት በፊት ከክፍል ተጠሪዎችና የሳንባ ነቀርሳ ትምህርት ከሚሰጡ ታራሚዎች ጋር አንድ ሰዓት ተቀመጡ። የሚጠበቁት ጥያቄዎች ብዙም አይለያዩም፤ መልሳቸውን አሳጥራችሁ ያዙ።

«እኛ ላይ እየሞከሩ ነው» ለሚለው፦ ሠራተኛው የሚከተበው ከዚሁ ቫያል መሆኑን በዓይን ያሳዩ። ፈቃደኛ የሆኑ ጥበቃዎችና የክሊኒኩ ሠራተኞች በመጀመሪያው ቀን በሰው ፊት ይከተቡ።

«ከተከተብኩ በኋላ ያመኛል» ለሚለው፦ ክትባቱ ውስጥ ያለው ቫይረስ የሞተ ስለሆነ ኢንፍሉዌንዛ አያስይዝም። ክንድ ማመም፣ ድካምና ትንሽ ትኩሳት ለአንድ ሁለት ቀን ሊኖር ይችላል። ይህን ቀድሞ ያልሰማ ሰው በማግስቱ ትኩሳት ሲሰማው ክፍሉን በሙሉ ያስደነግጣል።

«ባለፈው ተከትቤ ጉንፋን ያዘኝ» ለሚለው፦ ተራ ጉንፋን የሚያስይዙ ሌሎች ቫይረሶች ብዙ ናቸው፤ ክትባቱ እነሱን አይከላከልም። መከላከሉም የሚጀምረው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ከኢንፍሉዌንዛም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይጋርድም፣ የከፋውን ሕመም ግን ይቀንሳል። ከዚህ በላይ ቃል አትግቡ።

ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ዛሬ ለዚህ ዞን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እየሰጠን ነው። መውሰድም መተውም የእርስዎ ውሳኔ ነው፣ ቢተዉት የሚከለከሉት ነገር የለም። ጥያቄ አለዎት? ልስጥዎት?» ለአረጋዊ «አባቴ» ወይም «እናቴ» ይባል። ውጭ ባለ ክሊኒክ ውስጥ «ዛሬ ክትባትዎ ነው፣ እጅዎን ያቅርቡ» ማለት ሽፋን ይጨምራል፤ እዚህ ግን የትእዛዝ ድምፅ ስለሚመስል የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። አማርኛ ለማይሰማ ሰው በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሶማሊኛ የሚያስረዳ ባለሙያ ፈልጉ። አጠቃላይ ትምህርቱን ሌላ ታራሚ ቢያስተረጉም ችግር የለውም፤ የሕመም ታሪክ ግን በታራሚ አፍ አይጠየቅ።

5. ለ100 ሰው የሚያዝ ዕቃ

ባለአሥር ዶዝ 11 ቫያል (ወይም 110 ነጠላ ዶዝ)፤ ራሱን የሚቆልፍ 0.5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ባለ23 ጌጅ፣ 25 ሚሊ ሜትር መርፌ 110፤ ባለ5 ሊትር ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ ሣጥን) 2፤ ጥጥ፤ 110 የክትባት ካርድ፤ ሠንጠረዡና መዝገቡ፤ የደም ግፊት መለኪያ፤ 1 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር የሆነ አድሬናሊን (ለከባድ አለርጂ የሚሰጥ መድኃኒት) 3 አምፑል ከ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና ለጡንቻ ከሚሆን መርፌ ጋር፤ ቴርሞሜትር ያለው የክትባት መያዣ ከነአይስ ፓኩና ከነስፖንጁ። ስልክ በር ላይ ስለሚቀር የእጅ ሰዓት ያድርጉ፤ የቫያል መክፈቻ ሰዓትና የ15 ደቂቃ ቆይታ በእሱ ነው የሚያዘው። የአልኮል ሳኒታይዘር ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፣ የሚጠጣው አይጠፋም። ውኃና ሳሙና አዘጋጁ።

ይህ ዝርዝር በሁለት ኮፒ፣ በማኅተም፣ ከአንድ ቀን በፊት ለጥበቃ ኃላፊው ይድረስ። ካልደረሰ በር ላይ መያዣው ተከፍቶ እያንዳንዱ ቫያል ሲታይ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፤ ቅዝቃዜውም አብሮ።

6. ቅዝቃዜ

ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። በአዲስ አበባ አየር ሙቀት ከሚያበላሸው ይልቅ በረዶ የሚያበላሸው ይበልጣል ብሎ መፍራት ያዋጣል። አይስ ፓክን ከፍሪዘር አውጥቶ ወዲያው መያዣ ውስጥ መክተት የተለመደ ስሕተት ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ሲወዘወዝ ውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ እስኪሰማ ጠብቁ፣ ከዚያ ይግባ። ቫያሉ ከፓኩ ጋር አይነካካ።

ቀዝቅዞ ይሆን ብላችሁ ስትጠራጠሩ ለፔንታቫለንት (አምስት በሽታ ለሚከላከለው የሕፃናት ክትባት) የለመዳችሁት የመወዝወዝ ፍተሻ እዚህ አያገለግልም። ያ ዘዴ አሉሚኒየም ባለባቸው ክትባቶች ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ የተለመደው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ደግሞ አሉሚኒየም የለውም። በረዶ የሠራ ወይም ከዜሮ በታች መውረዱ የተመዘገበ ቫያል ደህና ቢመስልም ይወገዳል።

የፍሪጁ ሙቀት ጠዋትና ማታ ይመዝገብ፣ ቅዳሜና እሑድንም ጨምሮ። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ፤ ጄኔሬተሩ የክሊኒኩን መስመር ይይዝ እንደሆነ ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት አረጋግጡ። ከመጋዘን ሲመጣ መያዣው መኪናው ውስጥ ከሰው ጋር ወንበር ላይ ይሁን፤ ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ያለው መጨናነቅ ላይ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አይረሳ።

የተከፈተ ባለብዙ ዶዝ ቫያል ስንት ቀን እንደሚቆይ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቡና የተከፈተበትን ቀንና ሰዓት ቫያሉ ላይ ጻፉ። ለአንድ ሰው ሲባል ቫያል ለመክፈት አትፍሩ። ያመለጠ ሰው ዘጠኝ ዶዝ ከመባከኑ ይበልጥ ያስቆጫል፤ ቀሪውን የጥበቃ ፈረቃ ሊወስደው ይችላል።

7. በክፍሉ ውስጥ ያለው ሥራ

ሰውን ወደ ክሊኒክ ማስጠራት የአጃቢ እጥረት ያቆመዋል፤ ቡድኑ ወደ ዞኑ ይሂድ። አራት ሰው ያስፈልጋል፦ ጠያቂና አጣሪ፣ ከታቢ፣ መዝጋቢ፣ ከክትባት በኋላ የሚከታተል። በሰዓት ከ25 ሰው በላይ አታቅዱ። ለሴቶች ዞን ሴት ከታቢና መጋረጃ ይኑር። ካቴና የታሰረ ሰው ሳይፈታ አይከተብ።

ማጣሪያው አጭር ነው። ቀደም ሲል ከዚህ ክትባት በኋላ ከባድ አለርጂ የደረሰበት አይከተብም። ከፍተኛ ትኩሳት ያለው እስኪሻለው ይጠብቃል፤ ሳልና ትኩሳቱ ደግሞ ለምርመራ ይያዝለት። ካለፈ ክትባት በኋላ በ6 ሳምንት ውስጥ ጊላን ባሬ የተባለ የነርቭ ሕመም የደረሰበትን ሐኪም ይየው። ቀለል ያለ ንፍጥ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ጡት ማጥባት፣ እርግዝና፣ እነዚህ ሁሉ አይከለክሉም። ብዙ ባለሙያ በጥንቃቄ ስም እነዚህን ሰዎች ይመልሳል፤ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ሆነው ሳለ። ከእናታቸው ጋር ያሉ ሕፃናት ከ6 ወር በታች ከሆኑ አይከተቡም፤ ከዚያ በላይ ያሉት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ዶዝ ይወስዳሉ። የእነሱ መጠን በምርቱ ወረቀት ይታያል።

ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ የላይኛው ክንድ ጡንቻ ውስጥ፣ ቀጥ ባለ መርፌ። ከመቅዳት በፊት ቫያሉ ይወዝወዝ። ሰውየው ይቀመጥ፣ ጃኬቱን ከትከሻው ያውልቅ። እጅጌ ተጠቅልሎ የማይደርስበት ክንድ ላይ ዝቅ ብሎ መውጋት ቆዳ ስር ስለሚገባ ያሳብጣል። ከቫያል እየቀዳችሁ ሲሪንጅ አስቀድማችሁ ሞልታችሁ አታስቀምጡ።

ሁሉም 15 ደቂቃ ተቀምጦ ይቆይ። ሳይበላ የመጣ ሰው ራሱን መሳት ይችላል፤ አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ። የትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር ማበጥ፣ በመላ ሰውነት ሽፍታ ከግፊት መውረድ ጋር ከመጣ ግን ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ሊትር አድሬናሊን ወዲያው በጭኑ ውጫዊ ጡንቻ ይሰጥ፣ ካልተሻለው በየ5 ደቂቃው ይደገም፣ ወደ ሆስፒታልም ይላክ። የአጃቢና የመኪና ፈቃድ የዚያን ሰዓት የሚጠየቅ ከሆነ ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማን እንደሚፈቅድና መኪናው የት እንደቆመ ይታወቅ። ከባድ ጉዳት ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ በሪፖርት ቅጹ ይላካል።

8. የመርፌ ቆጠራ

አስተዳደሩ ሥራውን በሚቀጥለው ዓመት መፍቀዱ የሚወሰነው በዚህ ነው። ሲገባ ሲሪንጁን፣ ቫያሉንና አምፑሉን ከጥበቃው ጋር ቁጠሩና ሁለታችሁም ፈርሙ። ሴፍቲ ቦክሱ ከከታቢው ክንድ ሳይርቅ፣ ከታራሚው በተቃራኒ በኩል ይቀመጥ፤ መርፌውን የሚጥለው የወጋው ሰው ራሱ ነው፣ ክዳኑም አይመለስበትም። ከጠረጴዛው ጀርባ የሚረዳ ታራሚ አይኑር።

ሴፍቲ ቦክሱ ተከፍቶ ስለማይቆጠር የሲሪንጁን ላስቲክ መጠቅለያ በአንድ ከረጢት አጠራቅሙ። የመጠቅለያው ቁጥር በመዝገቡ ካለው «ተ» እና ከተበላሹት ድምር ጋር እኩል መሆን፣ ያልተከፈቱት ሲታከሉበት ደግሞ የገባውን ቁጥር መስጠት አለበት። ይህን በየአሥር ሰው አድርጉት። በየአሥሩ የሚቆጥር ቡድን የጎደለውን አሥር ሰው ውስጥ ይፈልጋል፤ በመጨረሻ የሚቆጥር ግን መቶ ሰው ውስጥ። ከጎደለ ሥራው ይቁም፣ ለጥበቃ ኃላፊው ይነገር። ፍተሻ የእነሱ ሥራ ነው፤ የጤና ባለሙያ ታራሚ አይፈትሽ። ሣጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋና ከግቢው ይውጣ፤ ዞኑ ውስጥ አያድር።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰው ፓራሲታሞል ይዞ የተከተቡትን ክፍሎች ይዙር። አሥር ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው፤ «ላ» ያሉት ግማሾቹ እዚያው ሐሳባቸውን ሊቀይሩ ይችላሉ።

9. አዲስ ገቢዎችና የፖሊስ ማረፊያ

በማረሚያ ቤት ክትባቱ በገቡበት ሌሊት አይቅረብ። ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው የሳንባ ነቀርሳ ልየታ ላይ ይጨመር፣ በየሳምንቱ የተወሰነ ቀን ይኑረው። የፖሊስ ማረፊያ ግን ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ስለሚቀርብ ነገ አታገኙት ይሆናል። ባለሙያዋ በሄደችበት ቀን አንድ ጊዜ ትጠይቅ፣ ትከትብ፣ ካርድ ትስጥ።

ካርዱ ላይ ስም፣ ቀን፣ የምርቱ መለያ ቁጥርና የጤና ጣቢያው ስም ይጻፍ፤ የማረሚያ ቤቱ ወይም የፖሊስ ጣቢያው ስም አይጻፍበት። ሰውየው ከወጣ በኋላ የትም ሊያሳየው የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው። ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ሲዛወር ኮፒው ከሕክምና ፋይሉ ጋር ይሂድ፤ ከክስ መዝገቡ ጋር ከተጣበቀ ተቀባዩ ክሊኒክ አያየውም።

10. ሽፋኑን በትክክል ማስላት

በመጀመሪያው ቀን 1,000 ሰው ነበር፣ 640 ተከተበ እንበል። በወሩ ውስጥ 90 ወጡ፣ ከእነሱ 70ው የተከተቡ ነበሩ። 120 አዲስ ገቡ፣ 50ው ተከተቡ። የተሰጠውን ዶዝ ሁሉ ደምሮ ለ1,000 የሚያካፍል 69 በመቶ ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ዛሬ ውስጥ ያለው ሰው ግን 1,030፣ ከእነሱ የተከተበው 620፣ ሽፋኑም 60 በመቶ ነው። ቫይረሱ የሚያገኘው ሁለተኛውን ቁጥር ነው። በየወሩ መጨረሻ ይህን በዞን ለይታችሁ አውጡ፤ በአማካይ ውስጥ 30 በመቶ ላይ ያለ አንድ ዞን ይደበቃል።

በአንድ ክፍል በ72 ሰዓት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ትኩሳትና ሳል ካሳየ ክትባቱን ብቻ ይዛችሁ አትሩጡ፣ የሁለት ሳምንት ጊዜ ይፈልጋል። የታመሙትን ለዩ፣ ማስክ ስጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን አሳውቁ፣ ናሙና ወደ ኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚሄድበትን መንገድ ጠይቁ። ያልታመሙትን መከተብ ከዚህ ጎን ለጎን ይቀጥላል።

የቀረው ክትባት የመጠቀሚያ ቀኑ ሲያልፍ በሰነድ ይወገድ፤ ቅንብሩ ስለሚቀየር ለሚቀጥለው ወቅት አይቀመጥም። የ«አ» ዓምድ የመጨረሻ ቁጥር በየዞኑ ተጽፎ ከአዲሱ የግዢ ጥያቄ ጋር ይያያዝ፣ ጥያቄውም ከሚያዝያ አይዘግይ።